ስለ ጎማ አነፋፍና ስለ አየር ልክ
ለጎማ፣ ለመለዋወጫና ለቢስክሌት ነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

አንድ አስመጪ የጎማውን ዋጋ ከፍሎ፣ የቀረጡንና የማጓጓዣውን ወጪ ችሎ፣ ዕቃውን ከመደብሩ ካስገባና ከሸጠ በኋላ፣ ገዥው ያንኑ ጎማ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠርዙ ተበልቶ ወይም ጎኑ ተሰንጥቆ መልሶ ቢያመጣው፣ የመጀመሪያ ቃሉ «የሸጥህልኝ ጎማ የረባ አይደለም» የሚል ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጎማው ሆኖ አይገኝም፤ በዓይን የማይታየው፣ በሚዛን የማይሸጠው የአየሩ ጉድለት ነው። ገዥው ገንዘቡን፣ ሻጩ መልካም ስሙን፣ ጎሚስታውም አንዳንድ ጊዜ ሕይወቱን የሚያጣው በዚሁ በተናቀው ነገር ምክንያት ነውና፣ ስለ ጎማ አነፋፍ ጥቂት ማብራሪያ ማቅረቡን ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሞ የአየር ጎማ ከወዴት እንደ መጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1845 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በአየር ለተሞላ ጎማ የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን በዘመኑ ቢስክሌትም አውቶሞቢልም ገና ስላልተስፋፋ አሳቡ ተረሳ። ከዚያም በ1888 ቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፣ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት በአየር የተነፋ ጎማ ሠርቶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1891 የፈረንሳይ ተወላጆች የሆኑት የሚሽለን ወንድማማቾች ከቸርኬው በቀላሉ ወልቆ የሚጠገን የቢስክሌት ጎማ አወጡ፤ በ1895 ደግሞ ከፓሪስ ወደ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር ላይ በአየር ጎማ የሚሄድ አውቶሞቢል አሰለፉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የጎማው ላስቲክና ክር ብዙ ቢሻሻልም፣ መሠረቱ አልተለወጠም። ይኸውም ሸክሙን በብዛት የሚሸከመው አየሩ ነው፤ ላስቲኩ ግን የአየሩ ዕቃ ነው።

የአየሩ ልክ ሲጓደልና ሲበዛ

አየሩ ከልኩ ያነሰ እንደሆነ፣ ጎማው በሸክሙ ሥር ተንተርሶ በሁለቱ ጠርዞቹ ላይ ያርፋል፤ መካከሉ ሳይነካ ጠርዞቹ ይበላሉ። ከዚህም የከፋው ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈና እየተዘረጋ መሞቁ ነው። ይህ ሙቀት በውስጥ ያለውን ክር ከላስቲኩ ያላቅቀዋል፤ በረጅም መንገድና በከባድ ጭነት ጎማ ድንገት የሚፈነዳበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። አየሩ ከልኩ የበዛ እንደሆነ ደግሞ ጎማው መካከሉ አብጦ ያ መካከሉ ብቻ ይበላል፤ መሬት የሚይዝበትም ስፋት ስለሚቀንስ በፍሬን ጊዜ መንሸራተት ይበዛል፤ ድንጋይ ሲመታውም በቀላሉ ይቀደዳል።

በነዳጅም በኩል ኪሣራ አለበት። የአሜሪካ የኃይል መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምት፣ በአራቱም ጎማዎች አማካይ አየር ላይ 1 ፒ.ኤስ.አይ. በጎደለ ቁጥር መኪናው በአንድ ሊትር የሚሄደው መንገድ በ0.2 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማዎቹ በ10 ፒ.ኤስ.አይ. ጎድለው ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ የጭነት ወይም የታክሲ ባለቤት ሒሳቡን ቢያሰላው፣ ያላወቀው ወጪ ሲወጣበት መኖሩን ይረዳል።

የመለኪያ ስሞች

ከጃፓን፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከዓረብ አገሮች በሚገቡት መኪኖች ላይ የአየሩ ልክ በልዩ ልዩ መለኪያ ተጽፎ ስለሚገኝ ስሕተት ይፈጠራል። ከሁሉም የሚበዙት ሦስቱ ፒ.ኤስ.አይ.፣ ባርና ኪሎ ፓስካል ናቸው። ነጋዴው የሚከተለውን ጽፎ ከመደብሩ ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው ይጠቀምበታል።

200 ኪሎ ፓስካል = 2.0 ባር = 29 ፒ.ኤስ.አይ.
220 ኪሎ ፓስካል = 2.2 ባር = 32 ፒ.ኤስ.አይ.
240 ኪሎ ፓስካል = 2.4 ባር = 35 ፒ.ኤስ.አይ.
800 ኪሎ ፓስካል = 8.0 ባር = 116 ፒ.ኤስ.አይ.

በአንዳንድ አሮጌ መለኪያዎች ላይ የሚገኘው በካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎግራም የሚባለው ልክ ከአንድ ባር ጋር የተቀራረበ ነው፤ 14.2 ፒ.ኤስ.አይ. ይሆናል።

ትክክለኛው የአየር ልክ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ወይም ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ልክ የሚያመለክት እንጂ ለዚያ መኪና የታዘዘለት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር እያነበበ ከልክ በላይ ያስነፋል፤ ሻጩ ይህን አንድ ነገር ብቻ ለገዥው ቢነግረው ትልቅ አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው። ተራ የቤት አውቶሞቢል አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ይታዘዝለታል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በብዛት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ስለሚከብዱ ብዙዎቹ ከዚህ ከፍ ያለ አየር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጎሚስታው በልማድ «32 ይበቃዋል» ከማለቱ በፊት ወረቀቱን ማንበብ ይገባዋል።

ሦስቱ የቫልቭ ዓይነቶች

የመንፊያ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የአየር መግቢያውን ማለት ቫልቩን ነው። አንደኛው ሽሬደር የሚባለው ወፍራሙ ሲሆን፣ በመካከሉ የምትጫን መርፌ አለችው፤ በአውቶሞቢል፣ በሞተር ብስክሌት፣ በባጃጅና በብዙ ቢስክሌቶች ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ፕሬስታ የሚባለው ቀጭኑ ነው፤ በውድድር ቢስክሌቶች ላይ ይገኛል፤ ከመንፋት በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን መፍታት፣ ከነፉ በኋላም መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የደንሎፕ ቫልቭ ነው፤ በቀድሞው ዓይነት ከባድ ቢስክሌቶች ላይ ይታያል። ለሽሬደር የተሠራ የፖምፓ አፍ ፕሬስታን አይዝም። ስለዚህ ፖምፓ በሚታዘዝበት ጊዜ አፉ ለሁለቱም የሚሆን መሆኑን ማረጋገጥ፣ ያለዚያም ትንንሾቹን የናስ ማገናኛዎች አብሮ ማዘዝ ይበጃል። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ሲታጡ ግን ፖምፓው ከመደርደሪያው ሳይሸጥ ይቀራል።

የመንፊያ ዓይነቶች

1ኛ፤ የእጅ ፖምፓ። ገዥዎች ወፍራም በርሜል ያለው ፖምፓ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንደ ጎማው ነው። በርሜሉ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፖምፓ 7 ባር ወደ ያዘ የውድድር ቢስክሌት ጎማ አየር ለማስገባት 50 ኪሎ ያህል ክብደት ይጠይቃል፤ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንደሆነ ግን 90 ኪሎ ያህል ይፈልጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ ሁሉ ቢጫነውም ዱላው አይወርድለትም። በአንጻሩ ለ2.2 ባር የአውቶሞቢል ጎማ ያው ወፍራም በርሜል ከ30 ኪሎ ያነሰ ክብደት ብቻ ስለሚጠይቅና በአንድ ጊዜ ብዙ አየር ስለሚልክ ይመረጣል። በአጭሩ፣ ለቀጭን ጎማ ቀጭን በርሜል፣ ለወፍራም ጎማ ወፍራም በርሜል ማለት ነው።

2ኛ፤ የእግር ፖምፓ። ለአውቶሞቢል ባለቤት የሚስማማ፣ መብራትም ነዳጅም የማይፈልግ ነው። ሲገዛ መለኪያው፣ የቱቦው መጋጠሚያና የመርገጫው ምሰሶ መፈተሽ አለባቸው፤ ርካሾቹ የሚሰበሩት ከነዚህ ቦታዎች ነው።

3ኛ፤ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር። ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት በ12 ቮልት ይሠራል። ሞተር ባለው መኪና፣ ሞተሩ እንደ ተነሣ ቢሠራ ባትሪውን አያደክምም፤ ሞተሩን ግን ጋራዥ ውስጥ ዘግቶ ማሠራት ለሰው መርዝ ነው። ይህ ዕቃ ቶሎ የሚሞቅ ስለሆነ መመሪያው ከሚፈቅደው ደቂቃ በላይ ያለ ዕረፍት መሥራት የለበትም። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስኮርታ ጎማ ሳይኖራቸው ከዚህ ኮምፕሬሰርና ከቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ጋር ስለሚመጡ፣ የነዚህ ዕቃዎች መተኪያ ገበያ እየሰፋ መሄዱ የሚጠበቅ ነው።

4ኛ፤ ጋን ያለው የጋራዥ ኮምፕሬሰር። የጎሚስታዎችና የነዳጅ ማደያዎች መሣሪያ ነው። አየር በሚታመቅበት ጊዜ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ከጋኑ ግርጌ ይጠራቀማል። ይህ ውሃ በየቀኑ ካልተለቀቀ ጋኑን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የዛገ ጋንም አንድ ቀን ይፈነዳል። የመጠን ማስተንፈሻው ቫልቭ በሽቦ ታስሮ ወይም ተደፍኖ ሲታይ ያን ጋን ማሠራት ፈጽሞ አይገባም።

5ኛ፤ የጋዝ ቀለህ። ለቢስክሌተኞች የሚሸጠው 16 ግራም ያህል የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ትንሽ ቀለህ የአንድ ቀጭን ጎማ አየር በጥቂት ሴኮንዶች ይሞላል። ነገር ግን ይህ ጋዝ ከተራ አየር ይልቅ በላስቲክ ውስጥ ቶሎ ስለሚያልፍ፣ ጎማው በሁለተኛው ቀን ቢላላ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቤት ሲደርሱ በተራ አየር መለወጥ ነው። አስመጪዎችም ይህ ዕቃ በአየር ማጓጓዣ ደንብ ከአደገኛ ዕቃዎች ወገን የሚቈጠር መሆኑን አውቀው፣ ከማዘዛቸው በፊት ከአጓጓዡ ጋር ይነጋገሩ።

6ኛ፤ ናይትሮጅን። በአንዳንድ ቦታ ልዩ ዋጋ ተጠይቆበት ይሞላል። ደረቅ ስለሆነና ከጎማው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ጥቂት ጥቅም አለው። ሆኖም የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 ከመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ለተራ መኪና በየወሩ አየሩን የሚለካ ሰው ብዙ የሚጐድልበት ነገር የለም፤ በናይትሮጅን ላይ ተራ አየር ቢጨመርም ጉዳት የለውም።

7ኛ፤ መንገድ ላይ ችግር ሲደርስ። ፖምፓ የሌለው ሾፌር በሁለት አፍ ቱቦ ከስኮርታው ወደ ላላው ጎማ አየር ማጋባት ይችላል። ነገር ግን የሁለቱ ልክ እኩል በሆነ ጊዜ አየሩ መሄዱን ያቆማል፤ ስለዚህ ይህ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ለመድረስ እንጂ ለረጅም ጉዞ አይደለም።

የደጋና የቈላ ነገር

በአገራችን ለሚነግድ ሰው ልዩ ትኩረት የሚሻ አንድ ጉዳይ አለ። በባሕር ጠረፍ የከባቢው አየር ግፊት 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን ወደ 11 ይወርዳል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

የመጀመሪያው የመንፊያው ድካም ነው። ፖምፓ ወይም ኮምፕሬሰር በየዙሩ የሚስበው አየር በደጋ የሳሳ ስለሆነ፣ በጂቡቲ 300 ጊዜ በመርገጥ የሚሞላው ጎማ በአዲስ አበባ 400 ጊዜ ያህል ያስረግጣል። የጋራዥ ኮምፕሬሰርም ለባሕር ጠረፍ በተጻፈው የሥራ ፍጥነት አይሞላም፤ ጊዜው በሲሶ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ አስመጪው ለደጋ ከተማ ደንበኛ በወረቀቱ ልክ የሚበቃውን ሳይሆን ከዚያ ከፍ ያለውን ቢያቀርብለት፣ በኋላ ከሚነሣ ክርክር ይድናል።

ሁለተኛው የመንገዱ ነገር ነው። አንድ አውቶሞቢል በጂቡቲ በ35 ዲግሪ ሙቀት 32 ፒ.ኤስ.አይ. ተነፍቶ ወደ አዲስ አበባ ቢወጣ፣ የውጭው አየር መሳሳቱ መለኪያውን ከፍ፣ የአገሩ ቅዝቃዜ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ጎማው በ18 ዲግሪ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲለካ ሁለቱ ተካክሰው 33 ያህል ይገኛል። በ110 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ የጭነት መኪና ጎማ ግን በዚያው መንገድ ወደ 107 ዝቅ ይላል፤ የታመቀው አየር ብዙ በመሆኑ ቅዝቃዜው ያሸንፋልና ነው። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ሲል የሚያዩ ሾፌሮች መለኪያውን ይጠረጥራሉ፤ መለኪያው ግን እውነቱን ነው። መፍትሔው አንድ ነው፤ ደርሶ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ከመነሣት በፊት መለካት።

ከዚህ ጋር ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ጎማ የሚለካው ቀዝቅዞ ሳለ መሆኑ ነው። በመንገድ የሞቀ ጎማ ልኩ ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ «በዛ» ብሎ የሚያስተነፍስ ሾፌር ጎማው ሲበርድ ጎድሎ ያገኘዋል፤ በማግሥቱም በጎደለው አየር ይጓዛል።

የጎሚስታው ሕይወት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገንዘብ ነው፤ የሚከተለው ግን ስለ ሰው ነው። 8 ባር ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 8 ኪሎ ያህል ግፊት ማለት ነው። የሰው መዳፍ በሚያህል 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ 800 ኪሎ ያህል ይሆናል። የጭነት መኪና ጎማ በሚነፋበት ጊዜ ጎኑ ቢተረተር፣ ወይም ባለ ቀለበት ቸርኬ ቀለበቱ ሳይገጥም ቀርቶ ቢወረወር፣ ከፊቱ የቆመን ሰው አይምርም። በየመንገዱ ዳር ጎማውን በእግሩ ረግጦ የሚነፋው ወጣት ሊያውቃቸው የሚገቡት ሕጎች እነዚህ ናቸው።

ሀ) የጭነት መኪና ጎማ ከታዘዘለት አየር 80 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ይዞ ከሄደ እንደ ተነፈሰ ጎማ ይቈጠራል፤ ክሩ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ሳይመረመር አይነፋ።
ለ) ባለ ቀለበት ቸርኬ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ ይነፋ። ነፊው ጠቅጥቆ በሚይዝ አፍና በረጅም ቱቦ፣ ከጎማው ጎን ፊት ሳይሆን ከጥርሱ በኩል ራቅ ብሎ ይቁም።
ሐ) አየር ያለበት ጎማ ቀለበት በመዶሻ አይመታ፤ የተጣመመ ወይም ከሌላ ቸርኬ የመጣ ቀለበትም አይግጠም።
መ) ጎማውን ከቸርኬው ጋር ለማገናኘት ቤንዚን ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ነገር ረጭቶ እሳት መለኮስ የብዙዎችን ሕይወት ያጠፋ ድፍረት ነውና ፈጽሞ አይደረግ።
ሠ) የብየዳ ኦክስጅን ለጎማ መንፊያ አይሁን፤ ዘይት ወይም ግራሶ ባገኘ ጊዜ እንደ ባሩድ ይነዳልና።
ረ) ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ የገባበት ጎማ ለጥገና ሲመጣ ባለቤቱ አስቀድሞ ለጎሚስታው ይንገረው፤ አንዳንዱ ተቀጣጣይ ጋዝ የያዘ ነው።

የብረት ፍርግርጉ በአገር ውስጥ ብየዳ ቤት የሚሠራ ነገር ነው። ጎማ በብዛት የሚሸጥላቸው ጎሚስታዎች ያላቸው ነጋዴ፣ ለደንበኞቹ አንድ ፍርግርግና አንድ ረጅም ቱቦ ቢያበድር ወይም በቅናሽ ቢሰጥ፣ ደንበኛውንም የደንበኛውንም ልጅ ጠበቀ ማለት ነው።

ለነጋዴው የሚቀረው ሥራ

ጎማ ከመሸጡ በፊት የተሠራበት ጊዜ ይታይ። በጎኑ ላይ በላቲን ፊደል ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ተከታዮች መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ዓመቱን ያሳያሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማው ከፀሐይ፣ ከዘይትና ከሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ርቆ በጥላ ይቀመጥ።

ጎማው ሲሸጥም፣ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ዋጋ ያለውን የአየር መለኪያ አብሮ ማሳየት፣ በወር አንድ ጊዜና ከረጅም ጉዞ በፊት በጠዋት እንዲለካ፣ ስኮርታውም እንዳይረሳ፣ የቫልቩ ክዳን እንዳይጠፋ መንገር ነው። ክዳኑ አቧራና ጭቃ ወደ ቫልቩ እንዳይገባ የሚከለክል በር ነውና።

ይህን ምክር የሰማ ገዥ ጎማው በጊዜው ሲያልቅ ወደዚያው መደብር ይመለሳል፤ ያልሰማው ግን ጎማው ያለ ጊዜው አልቆበት ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ጎማን ከነምክሩ መሸጥ ለገዥውም ለሻጩም የሚበጅ ንግድ መሆኑን እናሳስባለን።